ለከፍተኛ ቮልቴጅ የኃይል ምንጭ ዳዮድ መምረጥ፦ በዋጃ ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ መፈለጊያ መሣሪያ እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ የኃይል ምንጭ ሲሠራ ወይም ሲጠገን የዳዮድ ምርጫ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ብቻ ይወሰናል፤ ይኸውም ዳዮዱ ሊሸከም የሚችለው የግልባጭ ቮልቴጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ማሳያው በቆቦና በራያ ቆላ ለከርሰ ምድር ውኃ ጥናት የሚያገለግል፣ ከ12 ቮልት ባትሪ 800 ቮልት አመንጭቶ ጅረት ወደ መሬት የሚልክ መሣሪያ ነው። ምርጫው አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ሊመዝን ይገባል፦ የወረዳው ዓይነት የሚጥለውን የግልባጭ ቮልቴጅ፣ የዳዮዱን ፍጥነት፣ በተከታታይ የተያያዙ ዳዮዶች ቮልቴጁን የሚካፈሉበትን መንገድ፣ የሥራ ቦታውን ሙቀት እና የአየሩን ስስነት። በጽሑፉ የቀረቡት አኃዞች ለዲዛይን የተወሰዱ መነሻዎችና ከእነርሱ የተሰሉ ውጤቶች ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ዳዮድ፣ ሬክቲፋየር፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የከርሰ ምድር ውኃ፣ ዋጃ

1. መግቢያ

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ የደጋው ተረተር፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ያዋስኗታል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ ከተራራው በጎርፍ የወረደ ደለል የሞላበት ነው። ዝናቡ የማያስተማምን በመሆኑ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። በቅርብ ዘመን ደግሞ በደለሉ ውስጥ የተከማቸው የከርሰ ምድር ውኃ የመስኖ ተስፋ ሆኗል፤ በዘርፉ ጥናቶች የዋጃ ጎለሻ ንዑስ ተፋሰስ በመባል የሚታወቀውም ይኸው አካባቢ ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ውድ ነው። ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት የመሬቱን ልዩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በጥልቀት መለካት የተለመደ ሆኗል። በዘዴው ሁለት የብረት ካስማዎች ተተክለው ጅረት ወደ መሬት ይላካል፤ በመካከላቸው በሚተከሉ ሌሎች ሁለት ካስማዎች ደግሞ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ይለካል። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር በ1912 እ.ኤ.አ. በመስክ የሞከረው ይህ ዘዴ ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። ሸክላ አነስተኛ ልዩ ተቃውሞ ያሳያል፤ ንጹሕ ውኃ ያዘለ አሸዋና ጠጠር ከዚያ ከፍ ይላል፤ ያልተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በሸክላና በአሸዋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያደበዝዝ መለኪያ ግን ቁፋሮውን ወደ ደረቅ ጉድጓድ ሊመራ ይችላል።

የመለኪያው አስተማማኝነት ጅረት በሚልከው ክፍል ላይ የተመሠረተ ነው። የዚያ ክፍል ጥንካሬ ደግሞ በጥቂት አነስተኛ ዳዮዶች ላይ ያርፋል።

2. 800 ቮልት ለምን አስፈለገ?

የቆላው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በካስማውና በአፈሩ መካከል ያለው የንክኪ ተቃውሞም እጅግ ከፍ ይላል። ካስማው ዙሪያ የጨው ውኃ ማፍሰስ ይህን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሁለቱ ካስማዎች ጠቅላላ ተቃውሞ 3,200 ኦም ቢሆን 800 ቮልት የሚልከው ጅረት 0.25 አምፔር ነው። ቮልቴጁ ወደ 160 ቢወርድ ጅረቱ 0.05 አምፔር ብቻ ይሆናል።

የዚህ ልዩነት ትርጉም በስሌት ይታያል። የጅረት ካስማዎቹ ከመሐል በየአቅጣጫው 500 ሜትር፣ የቮልቴጅ ካስማዎቹ ደግሞ 25 ሜትር ርቀው ቢተከሉ የአቀማመጡ ማባዣ 15,669 ሜትር ገደማ ነው። የመሬቱ ልዩ ተቃውሞ 20 ኦም-ሜትር ከሆነ በ0.25 አምፔር የሚለካው ቮልቴጅ 0.32 ሚሊቮልት፣ በ0.05 አምፔር ግን 0.06 ሚሊቮልት ብቻ ነው። መሬት በተፈጥሮዋ የምታሳየው የቮልቴጅ መዋዠቅ ይህን ትንሽ ምልክት በቀላሉ ሊውጠው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ልዩ ተቃውሞ የሚሰላው በእውነት ከተለካው ጅረት ስለሆነ የጅረቱ ማነስ በራሱ ውጤቱን አያዛባም፤ ምልክቱን ከመዋዠቁ መለየት ያዳግታል እንጂ። ችግሩን የሚያባብሰው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ልኬቱ በጠዋት በአጭር ርቀት ተጀምሮ ካስማዎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ብዙ ጅረት የሚፈልጉት ረጅም ርቀቶች የሚደርሱት ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው። የኃይል ምንጩ በጣም የሚፈለግበት ሰዓትና ዳዮዶቹ በጣም የሚግሉበት ሰዓት ይገጣጠማሉ።

3. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ዳዮዱ ላይ የሚያርፈው የግልባጭ ቮልቴጅ

በመሣሪያው ውስጥ የባትሪው ቀጥተኛ ጅረት በ40 ኪሎኸርዝ ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ይለወጣል፤ በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ከዚያም በዳዮዶች ተመልሶ ቀጥተኛ ይሆንና በካፓሲተር ይጣራል። ዳዮዱ በማያስተላልፍበት ግማሽ ዙር የሚሸከመው የግልባጭ ቮልቴጅ ግን የሚወሰነው በወረዳው ዓይነት ነው እንጂ በውጤቱ ቮልቴጅ ብቻ አይደለም።

ካፓሲተር ያለው የግማሽ ሞገድ ወረዳ በአንዱ ዳዮድ ላይ የሞገዱን ጫፍ እጥፍ ይጥላል፤ ለ800 ቮልት ውጤት 1,600 ቮልት ማለት ነው። መሐሉ የተሰነጠቀ ትራንስፎርመርና ሁለት ዳዮዶች ያሉት ወረዳም እንዲሁ እጥፍ ያሸክማል። አራት ክንድ ያለው የድልድይ ወረዳ ግን በእያንዳንዱ ክንድ ላይ የሚጥለው የሞገዱን ጫፍ ያህል፣ ማለትም 800 ቮልት ነው። ቮልቴጅ አባዢ ወረዳ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ያቀልለታል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዳዮድ የግብዓቱን ጫፍ እጥፍ ይሸከማል፤ ጅረት ሲበዛም ውጤቱ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ሩብ አምፔር ለሚጠየቅበት ሥራ ድልድዩ ይመረጣል።

ይሁን እንጂ 800 ቮልት የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ትራንስፎርመሩ ባትሪው በ11.5 ቮልት ሳለ 800 ቮልት እንዲሰጥ ቢጠመጠም፣ በሞተር እየተሞላ 14.4 ቮልት በደረሰ ጊዜ ውጤቱ ወደ 1,000 ቮልት ይወጣል። በትራንስፎርመሩ ውስጣዊ ባሕርይ ምክንያት በእያንዳንዱ ቅያሪ ለሚፈጠረው ንዝረት ሌላ 20 በመቶ ቢታሰብ ቁጥሩ 1,200 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ለ800 ቮልት ከበቂ በላይ የሚመስለው ባለ1,000 ቮልት ዳዮድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

4. ሁለተኛው ጥያቄ፦ ፍጥነት

ዳዮድ ከማስተላለፍ ወደ መከልከል ሲሸጋገር በውስጡ የተከማቸው ቻርጅ ተጠራርጎ እስኪወጣ ድረስ ጅረትን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ይህ ጊዜ የማገገሚያ ጊዜ ይባላል። በየጥገና ቤቱ የማይጠፋው 1ኤን4007 ለመደበኛው 50 ኸርዝ መስመር የተሠራ ነው። በ50 ኸርዝ ግማሽ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ስለሚቆይ ጥቂት ማይክሮሰከንድ የሚፈጅ ማገገም ከቁጥር አይገባም። በ40 ኪሎኸርዝ ግን ግማሽ ዙሩ 12.5 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ያው ዳዮድ የግማሽ ዙሩን ጉልህ ክፍል ወደ ኋላ በማስተላለፍ ያሳልፈዋል፤ ትራንስፎርመሩን በየዙሩ ለቅጽበት አጭር ወረዳ ያደርገዋል፤ ራሱም ግሎ ይቃጠላል።

ቅርጹና ስሙ የሚመሳሰለው ዩኤፍ4007 ተመሳሳይ 1,000 ቮልትና 1 አምፔር ቢሸከምም የማገገሚያ ጊዜው 75 ናኖሰከንድ ነው፤ ይህም ከግማሽ ዙሩ 0.6 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱን ማደናገር በጥገና ጊዜ በቀላሉ የሚፈጸም ስሕተት ነው፤ በሠንጠረዥ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ የሚታዩት ቮልቴጅና ጅረት አንድ ናቸውና። በአንጻሩ መሣሪያው በባትሪ ፈንታ በ50 ኸርዝ ጄኔሬተርና በከባድ ትራንስፎርመር የሚሠራ ቢሆን የ1ኤን4007 ዝግተኛነት ነውር አይሆንበትም። ስለዚህ ዳዮድ መልካም ወይም መጥፎ የሚባለው ከሚሠራበት ድግግሞሽ ጋር ተያይዞ ነው።

5. ሦስተኛው ጥያቄ፦ በተከታታይ የተያያዙ ዳዮዶች ሸክሙን እንዴት ይካፈላሉ?

1,200 ቮልት ለመሸከም በእያንዳንዱ የድልድይ ክንድ ሁለት ዩኤፍ4007 በተከታታይ ማያያዝ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ድምሩ 2,000 ቮልት ስለሚሆን በቂ ትርፍ ያለ ይመስላል። ሆኖም ሁለት ዳዮዶች ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ጥቅል ቢወጡም መንትያ አይደሉም። በግልባጭ ጊዜ በሁለቱ የሚያልፈው ጅረት አንድ ስለሆነ ያነሰ የሚያሾልከው ዳዮድ አብዛኛውን ቮልቴጅ ይሸከማል። አንዱ 1,000 ቮልት አልፎ ሲፈነዳ ሙሉው 1,200 ቮልት በሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ እርሱም ይከተለዋል።

መፍትሔው በእያንዳንዱ ዳዮድ ትይዩ ሬዚስተር ማኖር ነው። የሬዚስተሩ ጅረት ከዳዮዶቹ የሾላኪ ጅረት ልዩነት ሲበልጥ የሸክሙን ክፍፍል ሬዚስተሩ ይወስናል። የዳዮዱ ሠንጠረዥ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 50 ማይክሮአምፔር ሊያሾልክ እንደሚችል ይገልጻል። እጅግ የከፋው ሁኔታ አንዱ ምንም ሳያሾልክ ሌላው 50 ማይክሮአምፔር ሲያሾልክ ነው። ሬዚስተሩ 4.8 ሜጋኦም ቢሆን በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት 4.8 ሜጋኦም × 50 ማይክሮአምፔር = 240 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ 1,200 ቮልት ወደ 720 እና 480 ይከፈላል፤ ሁለቱም ከ1,000 በታች ናቸው።

በዚህ ቦታ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። 720 ቮልት በ4.8 ሜጋኦም ላይ የሚፈጥረው ሙቀት 0.11 ዋት ብቻ ስለሆነ ሩብ ዋት ሬዚስተር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ሬዚስተርም የራሱ የቮልቴጅ ገደብ አለው፤ ለተለመደው ባለ ሩብ ዋት ዓይነት ብዙ ጊዜ 250 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ 4.8 ሜጋኦም ሬዚስተር ሳይሆን አራት ባለ1.2 ሜጋኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱም 180 ቮልት ይሸከማል።

ሬዚስተሩ የሚያስተካክለው የረጋውን ጊዜ ነው። በቅያሪ ቅጽበት ቀድሞ ያገገመው ዳዮድ ሌላው እስኪደርስ ሙሉውን ሸክም ብቻውን ይይዛል። ለዚህ በየዳዮዱ ትይዩ አነስተኛ ካፓሲተር ይጨመራል። የሁለቱ የማገገሚያ ቻርጅ ልዩነት 20 ናኖኩሎምብ ቢገመትና የሚፈቀደው የቮልቴጅ ልዩነት 240 ቮልት ቢሆን የሚያስፈልገው 83 ፒኮፋራድ ነው፤ በገበያ የሚገኘው ባለ100 ፒኮፋራድና ቢያንስ 1,000 ቮልት የሚችል ሴራሚክ ካፓሲተር ይበቃል። ከዚህ ማብዛት ጥቅም የለውም፤ ካፓሲተሩ በየዙሩ ስለሚሞላና ስለሚፈስ ኪሳራው ከመጠኑ ጋር እኩል ያድጋል።

ይህ መርሕ ለትናንሽ መሣሪያዎች ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው፣ 1,045 ኪሎሜትር ያህል የሚረዝመውና እስከ 2,000 ሜጋዋት እንዲያስተላልፍ የታቀደው የ500 ኪሎቮልት ቀጥተኛ ጅረት መስመርም በመቀየሪያ ጣቢያዎቹ ውስጥ በተከታታይ በተደረደሩ ሴሚኮንዳክተሮች ላይ የቆመ ነው። እዚያም ጭንቁ ያው ነው፤ ሰልፉ ውስጥ ያለው አንዱ ከጓደኞቹ በላይ እንዳይሸከም ማድረግ።

6. አራተኛውና አምስተኛው ጥያቄ፦ የቆላው ሙቀትና የደጋው አየር

የሲሊከን ዳዮድ ሾላኪ ጅረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግማሽ ማይክሮአምፔር የሚያሾልክ ዳዮድ ፀሐይ ላይ በዋለ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ 65 ዲግሪ ቢደርስ 16 እጥፍ፣ ማለትም 8 ማይክሮአምፔር ያሾልካል። በጥላ ስር እኩል የተካፈሉ ዳዮዶች በቀትር ላይካፈሉ የሚችሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ የሬዚስተሩ ስሌት የተሠራው በ25 ዲግሪ ሳይሆን በ100 ዲግሪ በተሰጠው አኃዝ ነው።

በአንጻሩ የማስተላለፊያው ሙቀት አስጊ አይደለም። በድልድዩ ውስጥ እያንዳንዱ ክንድ በአማካይ 0.125 አምፔር ብቻ ይሸከማል። በማንኛውም ቅጽበት አራት ዳዮዶች በተከታታይ ያስተላልፋሉ፤ እያንዳንዱ 1.7 ቮልት ቢያስቀር ጠቅላላው 6.8 ቮልት ነው፤ ከ800 ቮልት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በከፍተኛ ቮልቴጅ ወረዳ ተጨማሪ ዳዮድ በተከታታይ መጨመር ርካሽ መድን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አየሩም መታሰብ አለበት። የዋጃ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 83 በመቶ ያህል ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲሆን የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለልና በ20 ዲግሪ ካለው ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። አየር ቮልቴጅን የመከልከል አቅሙ ከእፍጋቱ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ በሁለት እግሮች መካከል ያለው ክፍተት በተመጣጣኝ ሊሰፋ ይገባል። ከዚህም በላይ መሣሪያው በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አንድ ሳምንት በራያ ቆላ፣ በሚቀጥለው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የዳዮዱ ሾላኪ ጅረት በቆላው ሙቀት፣ የክፍተቱ ስፋት ደግሞ በደጋው ከፍታ ይሰላል።

አቧራና የጠዋት እርጥበት ተደርበው በወረዳ ሰሌዳው ገጽ ላይ የጅረት መንገድ ሊከፍቱ ይችላሉ። ይህ ከመቃጠልም የከፋ ስሕተት ያመጣል። ከጅረት መለኪያው በኋላ የሚያፈስ ገመድ ወይም ሰሌዳ ካለ፣ ተለክቶ የተመዘገበው ጅረት በሙሉ በካስማዎቹ ወደ መሬት አልገባም ማለት ነው። ያኔ የሚሰላው ልዩ ተቃውሞ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ውኃ ያዘለው አሸዋም ሸክላ መስሎ ይታያል። የተቃጠለ መሣሪያ ሥራውን ያቆማል፤ የሚያፈስ መሣሪያ ግን ሐሰተኛ ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሰሌዳውን በመከላከያ ቫርኒሽ መቀባት የምርጫው አካል ነው።

7. አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ክንድ ሁለት ዩኤፍ4007ን ከሬዚስተርና ከካፓሲተር ጋር ማያያዝ ነው። ርካሽ ነው፤ የትም ይጠገናል፤ ነገር ግን የክፍሎቹ ብዛት የብየዳ ጥራትን ይጠይቃል። ሁለተኛው እንደ ቢዋይቪ26ኢ ያለ ባለ1,000 ቮልት የናዳ ዳዮድ መጠቀም ነው። ይህ ዓይነት ከገደቡ በላይ የሚመጣን አጭር ምት ሳይሞት ጅረቱን በማሳለፍ ሊውጠው የተሠራ ነው፤ በተከታታይ ሲያያዝም ትንሽ የሸክም መዛነፍን ይታገሣል። የማገገሚያ ጊዜው እንደ ዩኤፍ4007 ሁሉ 75 ናኖሰከንድ ነው። ሦስተኛው ባለ1,700 ቮልት የሲሊከን ካርባይድ ሾትኪ ዳዮድ ነው። አንዱ ብቻውን ስለሚበቃ የመካፈል ጥያቄ አይነሣም፤ የማገገሚያ ቻርጅም የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከ1,200 ቮልት አንጻር ያለው ትርፍ 1.4 እጥፍ ብቻ ነው፤ በሩቅ መስክ ሲበላሽም ተተኪው በቅርብ አይገኝም።

በዋጃ ዓይነት ቦታ ለሚሠራ መሣሪያ ሁለተኛው መንገድ ሚዛን ይደፋል። የናዳ ዳዮዶቹ ከነሬዚስተሮቻቸው ሁለት ሁለት ሆነው ቢያያዙ፣ ሲበላሹም ከነካፓሲተሩ በዩኤፍ4007 ሊተኩ ይችላሉ። በ1ኤን4007 ግን ፈጽሞ አይተኩም።

8. ፍተሻና ጥንቃቄ

መደበኛው መልቲሜትር በዳዮድ መፈተሻው የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በ600 ቮልት የሚሸነፍ ዳዮድ በእርሱ ሲለካ ጤነኛ ይመስላል። ትክክለኛው ፍተሻ ዳዮዱን አሙቆ፣ ጅረቱ በትልቅ ሬዚስተር ተገድቦ፣ በሙሉ የግልባጭ ቮልቴጅ የሚያሾልከውን መለካት ነው። ከተከታታይ ዳዮዶች አንዱ ተቃጥሎ ከተገኘ የክንዱ ጓደኛውም ይቀየራል፤ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢሆን ከአቅሙ በላይ ተሸክሟልና።

ማጣሪያው 1 ማይክሮፋራድ ቢሆን በ800 ቮልት 0.32 ጁል ይይዛል። በትይዩው የ1 ሜጋኦም ማፍሰሻ ቢኖር ከአምስት ሰከንድ በኋላ የሚቀረው 5 ቮልት ገደማ ነው። ማፍሰሻውም እንደ ሌሎቹ ሬዚስተሮች የቮልቴጅ ገደቡን ጠብቆ በተከታታይ ሊከፋፈል ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ኪሎሜትር የሚዘረጋው ሽቦ የሚያልፈው በማሽላ ማሳና በከብት መንገድ ላይ ነው። 800 ቮልት ሩብ አምፔር ሰውንም ከብትንም ይገድላል። በእያንዳንዱ የጅረት ካስማ ዘንድ ጠባቂ ሳይቆም፣ እረኞችም ሳይነገራቸው መሣሪያው ሊከፈት አይገባም።

9. ማጠቃለያ

ለከፍተኛ ቮልቴጅ የኃይል ምንጭ ዳዮድ ሲመረጥ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ እንጂ የመጨረሻው መልስ አይደለም። ወረዳው ምን ያህል እንደሚጥልበት፣ በምን ፍጥነት እንደሚቀያየር፣ ከጓደኛው ጋር እንዴት እንደሚካፈል፣ በምን ሙቀትና በምን አየር ውስጥ እንደሚሠራ በየተራ መመለስ አለበት። በማሳያው የ800 ቮልት ፍላጎት ወደ 1,200 ቮልት ሸክም አድጓል፤ አንድ ዳዮድ ሁለት ሆኗል፤ ሁለቱም ሬዚስተርና ካፓሲተር ጠይቀዋል። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ከአንድ ደረቅ ጉድጓድ ቁፋሮ ጋር ሲመዘን ኢምንት ነው። የዋጃ ገበሬ የሚጠብቀው ውኃውን ነው፤ ውኃው ያለበትን የሚጠቁመው ቁጥር እንዲታመን ደግሞ በቀትር ሙቀት የማይዝሉ ዳዮዶች ያስፈልጋሉ።